አንዳንድ መኪና ለምን ሌባ ይበዛበታል?

«በብዛት የተሰረቁ መኪኖች» የሚል ዝርዝር በየዓመቱ ይወጣል። በወጣ ማግሥት ወሬው ይደራል። የመኪናው ስም የተጠራበት ሰው ይደነግጣል። ቀብድ የከፈለው ያመነታል። ሌላው ደግሞ «የኔ አሮጌ ነው፣ ማን ዞር ብሎ ያየዋል» ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል። ሁሉም የተሳሳተ ሐሳብ ይዘው ሊሆን ይችላል።

የተለመደው ግምት ሌባ ውድ መኪና ይወዳል የሚል ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአሜሪካ የስርቆት ዝርዝር አናት ላይ የተቀመጡት ዋጋቸው መጠነኛ የሆነ የኮሪያ መኪኖች ናቸው። ከዚያ በፊት ለዓመታት አናቱን ይዘው የቆዩት ደግሞ በ1990ዎቹ የተሠሩ ሆንዳዎች ነበሩ። በአንጻሩ ውድ የሚባሉት የቴስላ ሞዴሎች ብዙውን ጊዜ ከግርጌ ነው የሚገኙት። ዋጋ ብቻውን ብዙም አይነግረንም ማለት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ሌባ አንዱን ትቶ ሌላውን የሚመርጠው በምን ተነስቶ ነው? መልሱ ከመኪናው ባለቤት ጥንቃቄ ይልቅ ፋብሪካው ከዓመታት በፊት ባደረገው ምርጫና በሩቅ አገር ባለ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ባለቤቱ ነው።

ዝርዝሩን እንዴት እናንብበው?

ሰው የሚደናገረው ሁለት ዓይነት ዝርዝር ስለሚቀላቀልበት ነው።

አንደኛው የተሰረቀውን ብዛት ይቆጥራል። ስንት ሂዩንዳይ ኤላንትራ ጠፋ፣ ስንት ሆንዳ ሲቪክ ጠፋ ይላል። በዚህ አቆጣጠር መንገድ ላይ የበዛ መኪና ምንጊዜም ከፍ ብሎ ይወጣል። ብዙ ስላለ ብዙ ይሰረቃል። የፎርድ ፒክአፕ ከአሜሪካ ዝርዝር የማይጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለአሥርት ዓመታት እጅግ በብዛት ሲሸጥ የኖረ መኪና ነው።

ሁለተኛው ድግግሞሹን ይለካል። ኢንሹራንስ ከተገባላቸው የአንድ ሞዴል መኪኖች መካከል ስንቱ ተሰረቀ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መለኪያ ከ2020 እስከ 2022 የተሠራው ዶጅ ቻርጀር ሄልካት በአሜሪካ ከአማካዩ ከ60 እጥፍ በላይ ይሰረቅ ነበር። ሄልካት ብዙ የሚሸጥ መኪና አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ አይጎላም። ባለቤቱ ግን ሌሊት ተነስቶ በመስኮት ቢያይ አይፈረድበትም።

ለገዢ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። በዜና የሚናኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። የሞዴል ስም ብቻ ማየትም አይበቃም። የተሠራበት ዓመት፣ የቁልፉ ዓይነትና የተሸጠበት አገር አደጋውን ከሥሩ ይለውጡታል። በዚህ ረገድ ከኮሪያዎቹ ከኪያና ከሂዩንዳይ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

አንድ መኪና፣ ሁለት ዕጣ

መጀመሪያ አንድ ቃል እንፍታ። ኢሞቢላይዘር ማለት ሞተር እንዳይነሳ የሚያግድ የኤሌክትሮኒክስ ዘብ ነው። በቁልፉ ራስ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ትቀመጣለች። ቁልፉ ሲገባ የመኪናው ኮምፒውተር ቺፗን ይጠይቃታል። ትክክለኛውን መልስ ካልሰጠች ሞተሩ አይነሳም። የቁልፉ ብረት ቅርጽ ፍጹም ቢገጥም እንኳ ዋጋ የለውም። በዚህ ምክንያት በፊልም እንደምናየው ሁለት ሽቦ አነካክቶ ማስነሳት በአብዛኛው ያለፈ ታሪክ ሆኗል።

በአውሮፓ ኢሞቢላይዘር ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። አሜሪካ ግን እስካሁን አልደነገገችም። እዚያ ያለው የፌዴራል ደንብ የሚጠይቀው በደምሳሳው ቁልፉ ሲወጣ ሞተሩ እንዳይሠራ፣ መሪው ወይም መኪናው ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ ነው። ቺፕ ይኑር አይልም። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ሳይገደዱ ገጠሙት። በ2015 ሞዴሎች ከሌሎቹ አምራቾች መኪኖች 96 በመቶው ኢሞቢላይዘርን እንደ መደበኛ ዕቃ ይዘው ሲወጡ፣ ከኪያና ከሂዩንዳይ ግን 26 በመቶው ብቻ ነበሩ።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚሁ ኩባንያዎች ለካናዳና ለአውሮፓ የሸጧቸው መኪኖች ኢሞቢላይዘር ነበራቸው፤ ሕጉ ያስገድዳቸው ነበርና። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን በአዝራር የሚነሱት፣ ማለትም ፑሽ ስታርት የሚባሉት ውድ ሞዴሎች ነበራቸው። ያልነበራቸው ተራ ቁልፍ ያላቸው ርካሾቹ ናቸው። ኩባንያዎቹ ዘዴውን አጥተውት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ለማን እንደሚገጥሙት ነው የመረጡት።

ክፍተቱ ለዓመታት ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበር። ከዚያ በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የሚኖሩ ወጣቶች ደረሱበት። በመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ገንጥሎ የቁልፉን ሲሊንደር ማውጣት፣ ከዚያ በሚታየው ጉጥ ላይ የዩኤስቢ ገመድ ጫፍ አስገብቶ ማዞር ብቻ ነው። የስልክ ቻርጀር ገመድ ማለት ነው። በ2021 በሚልዋኪ ከ10 ሺህ በላይ መኪኖች ተሰረቁ። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ኪያ ወይም ሂዩንዳይ ነበሩ። በ2022 ዘዴውን የሚያሳይ ቪዲዮ በቲክቶክ ተሰራጨና ነገሩ ከአንድ ከተማ ወጥቶ የአገር ችግር ሆነ። የሰረቁት አብዛኞቹ ልጆች መኪናውን አይሸጡትም ነበር። ነድተው፣ ቀርጸው፣ አጋጭተው ይጥሉታል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን በየካቲት 2023 እንደገለጸው ከዚሁ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ግጭቶችና 8 ሞት ተመዝግበው ነበር።

ኩባንያዎቹ ያን ጊዜ 8.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪኖች ነጻ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጁ። ሶፍትዌሩን መቀበል ለማይችሉት ደግሞ የመሪ መቆለፊያ ብረት ታደለ። በዚያው ዓመት ግንቦት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ስምምነት ከባለንብረቶች ጋር ተደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያለ ብዙ ነው።

ማሻሻያው ይሠራል? በአሜሪካ ኢንሹራንሶች የሚደገፍ አንድ የምርምር ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት፣ ሶፍትዌሩን ያገኙት መኪኖች ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ለኢንሹራንስ የቀረበው የስርቆት ካሳ ጥያቄያቸው በ53 በመቶ ያነሰ ነበር። ሰው ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት የቀረበው የካሳ ጥያቄያቸው ግን በ61 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሌባው መስታወቱን ከመስበሩ በፊት ሶፍትዌሩ መኖሩን አያውቅም። ይሰብራል፣ ይሞክራል፣ አልሆን ሲለው ጥሎ ይሄዳል። መኪናው ቢዳንም ስሙ አልዳነም። መስኮት ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ አብሮ የታደለው ለዚህ ነው። በተጨማሪም ጥበቃው የሚነቃው ባለቤቱ በሩን በሪሞት ሲቆልፍ ነው። በእጁ የሚቆልፍ ሰው ማሻሻያው እያለው ጥበቃው አይነቃለትም።

ገበያው ነው የሚመርጠው

የዩኤስቢው ወረርሽኝ ለጨዋታ የሚሰርቅ ሌባ ሥራ ነበር። ለገንዘብ የሚሰርቀው ሌላ ሒሳብ አለው። መኪናውን ለማስነሳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ማን ይገዛዋል? ቢደረስበት ምን ያህል ያስጠይቃል?

የ1990ዎቹ ሆንዳ አኮርድና ሲቪክ ለመለዋወጫ ነበር የሚፈለጉት። በብዛት ስለተሸጡ የዕቃው ፍላጎት ሰፊ ነው። የአንዱ ዓመት ስፖኪዮ፣ ፓራፋንጎ ወይም ሞተር ለሌላው ዓመትም ይገጥማል። አብዛኞቹ ደግሞ ቺፕ ያለው ቁልፍ አልነበራቸውም። ሙሉው መኪና ብዙ አያወጣም፤ ተፈታትቶ ሲሸጥ ግን ከሙሉው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው። የሻንሲ ቁጥር ስፖኪዮው ላይ ወይም ወንበሩ ላይ አይጻፍም። የተፈታ መኪና ማንነት የለውም። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ተረጋግቶ መተኛት የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሚፈለገው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ከማርሚታው ፊት ለፊት በጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም የጭስ ማጣሪያ ነው። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቶበታል። የሮዲየም ዋጋ በ2021 መጀመሪያ በአንድ ወቄት ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ሌቦች መጋዝ ይዘው መኪና ሥር የገቡት ያኔ ነው። በተለይ ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ቶዮታ ፕሪየስ ተበላ። ሃይብሪድ ስለሆነ ሞተሩ ዘወትር አይሠራም፣ ማጣሪያውም ብዙ አይበላሽም። ከሥር ለመግባት የሚመቹ ከፍ ያሉ መኪኖችም አልቀረላቸውም። የብረቱ ዋጋ በ2023 ሲወድቅ ስርቆቱም አብሮ ቀነሰ። አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ያቆመው መኪና ደህንነት በዓለም የብረት ገበያ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ይገርማል።

ሦስተኛው ገበያ ባሕር ማዶ ነው። የጃፓን የስርቆት ዝርዝር ላይ ላንድ ክሩዘር ከላይ አይጠፋም። ላንድ ክሩዘር 300 በ2021 ከወጣ በኋላ ወረፋው እስከ አራት ዓመት ሊደርስ እንደሚችል ቶዮታ አስታውቆ ነበር። መኪናው ቶሎ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ገዢዎችን ቃል የሚያስፈርም አሠራርም ተጀምሯል። ሕጋዊው ወረፋ ሲረዝም ሕገ ወጡ ገበያ ዋጋ ያገኛል። ለባለቤቱ የሚያስቆጨው ነገር አለ። መኪናው የሚሰረቅበት ምክንያትና እሱ የገዛበት ምክንያት አንድ ናቸው። ጠንካራ ነው፣ በየትኛውም መንገድ ይሄዳል፣ ዕቃው አይጠፋም፣ ዋጋው አይወርድም።

ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለ

ኢሞቢላይዘር በተስፋፋበት አገር ሁሉ ስርቆት ወርዷል። የኔዘርላንድስ ኢኮኖሚስቶች በአገራቸው ከ1995 እስከ 2008 የነበረውን መዝግበው፣ መሣሪያው ስርቆትን በአማካይ በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አስልተዋል። ታዲያ ለምን አሁን አዳዲሶቹ መኪኖች ይሰረቃሉ? ምቾት አዲስ በር ስለከፈተ ነው።

ኪሌስ የሚባለውን እንውሰድ። ቁልፉን ከኪስ ሳያወጡ በር የሚከፈትበትና በአዝራር ሞተር የሚነሳበት አሠራር ነው። መኪናው በደካማ ሞገድ «ቁልፌ ቅርብ ነህ?» ይላል። ቁልፉም «አዎ» ብሎ በሬዲዮ ይመልሳል። መኪናው ርቀት አይለካም። ድምፁን ከሰማ ቅርብ ነው ብሎ ያምናል።

ሌቦቹ ይህን እምነት ነው የሚጠቀሙበት። ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንደኛው አንቴና ይዞ በቤቱ በር ወይም ግድግዳ አጠገብ ይቆማል። ሁለተኛው መኪናው ዘንድ። መሣሪያቸው የመኪናውን ጥያቄ ቤት ውስጥ ላለው ቁልፍ፣ የቁልፉንም መልስ ለመኪናው ያደርሳል። ኮድ አልተሰበረም፣ ምስጢር አልተሰረቀም። ወሬ አመላላሽ ብቻ ነው የተቀጠረው። ይህ ቅብብሎሽ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ሪሌይ» ይባላል። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ቁልፉ ቢርቅም አይጠፋም። መንገድ መሀል በድንገት ቢጠፋ አደጋ ስለሚያስከትል ሆን ተብሎ እንዲያ ተሠርቷል።

ይህ ድንገተኛ ግኝት አልነበረም። በስዊዘርላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2011 ከስምንት አምራቾች የተወሰዱ አሥር ሞዴሎችን በዚህ መንገድ ከፍተው አሳይተዋል። ፋብሪካዎቹ ግን ለዓመታት ያንኑ አሠራር መሸጣቸውን ቀጠሉ። እንቅስቃሴ ሲያጣ የሚያንቀላፋ ቁልፍና ርቀትን በትክክል የሚለካ ሰፊ ሞገድ ያለው ቴክኖሎጂ ቀስ እያለ ነው የመጣው።

ሁለተኛው ስልት ይብሳል። ቁልፉን ጨርሶ አይፈልገውም። ዘመናዊ መኪና ውስጥ በርካታ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ፤ የሞተሩ፣ የበሩ፣ የመብራቱ። እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የጋራ መስመር «ካን» ይባላል። ቦሽ በ1980ዎቹ የሠራው ነው። በዚያ ዘመን መስመሩ ላይ የሚናገር ሁሉ የቤት ሰው ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ስለዚህ «አንተ ማን ነህ?» የሚል ጥያቄ በመሠረቱ አልተካተተበትም።

በ2022 በእንግሊዝ የሚኖር አንድ የመኪና ሳይበር ደህንነት ባለሙያ የራሱ ቶዮታ ራቭ 4 ተሰረቀበት። ከመሰረቁ በፊት የፊት መብራቱ አካባቢ ተገንጥሎ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ አገኘው። ተራ የሰፈር ጥፋት መስሎት ነበር። ጥቂት ቆይቶ መኪናው የለም። ሙያው ነውና ነገሩን ተከታተለ። ሌቦቹ በፊት መብራቱ ሽቦ በኩል የካን መስመሩን ነክተው «ትክክለኛ ቁልፍ ተገኝቷል» የሚል የሐሰት መልእክት እንደላኩ ደረሰበት። መሣሪያው የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ መስሎ የተሠራ ነበር። ውጤቱ በ2023 ይፋ ሆነ። በጃፓን ላንድ ክሩዘርና ሌክሰስ ላይ የሚሠራበትም ይህን መሰሉ ዘዴ ነው። ስለዚህ የፊት መብራት ወይም ፓራውልት ያለ ምክንያት ተነካክቶ ሲገኝ እንደ ቀላል ማለፍ አይገባም።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። ከመሪው ሥር መካኒኮች ኮምፒውተር የሚሰኩበት ሶኬት አለ። በዚያ በኩል አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ ይቻላል። ቁልፍ ሠሪ የሚጠቀምበት መሣሪያ በሌባ እጅ ሲገባ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ሶኬቱን ቆልፎ መዝጋት መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን ክፍት የሆነው የፋብሪካው ወኪል ያልሆነ ጋራዥም መኪናውን መጠገን እንዲችል ተብሎ ነው። ቢዘጋ የሚቸገረው ሌባው ብቻ አይደለም፤ ደንበኛውም በአንድ ጋራዥ እጅ ይወድቃል። ይህ ክርክር ገና እልባት አላገኘም።

ከዚያስ የት ይሄዳል?

የተደራጀ ቡድን የሰረቀውን መኪና ወዲያው አይጭነውም። ራቅ ያለ መንገድ ዳር ወይም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይተወዋል። መከታተያ ካለው ባለቤቱ ወይም ፖሊስ ይመጣል። ካልመጣ ንጹሕ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ኮንቴይነር ነው። ካናዳ ውስጥ የተሰረቁ ብዙ መኪኖች በሞንትሪያል ወደብ በኩል ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይወጡ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ የኦንታሪዮ ፖሊስ ከሌሎች ጋር ሆኖ በዚያ ወደብ ወደ 600 የሚጠጉ የተሰረቁ መኪኖችን እንደያዘ አስታወቀ። ወደብ በባህሪው የሚጠብቀው የሚገባውን ነው። ቀረጥ ያለው፣ ዕፅና መሣሪያ የሚፈራው በዚያ በኩል ነው። የሚወጣ ኮንቴይነር ላይ «የቤት ዕቃ» ተብሎ ከተጻፈ ከፍቶ የሚያይ እምብዛም ነው። ኢንተርፖል በመጋቢት 2025 በአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች ባካሄደው ዘመቻ 150 ገደማ የተሰረቁ መኪኖች ሲገኙ አብዛኞቹ ከካናዳ የመጡ ነበሩ።

ሌላው መንገድ ማንነት መቀየር ነው። አብዛኛው ዘመናዊ መኪና 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር አለው። ሌቦች በሕጋዊ መንገድ ከሚነዳ ተመሳሳይ መኪና ላይ ቁጥሩን ይገለብጣሉ። የውሸት ሊብሬና ታርጋ ያሠራሉ። ከዚያ ለማያውቅ ሰው ይሸጣሉ። ገዢው ከወራት በኋላ ፖሊስ ሲያስቆመው መኪናውንም ገንዘቡንም ያጣል። ይህ ሰው በስርቆት ዝርዝር ላይ አይቆጠርም። እንደ እኔ ግን ከሁሉም የከፋው ዕጣ የሱ ነው።

ሒሳቡ የማን ነው?

የአንድ ሞዴል ስም በስርቆት ሲነሳ ያልተሰረቀበት ሰውም መክፈል ይጀምራል። ኢንሹራንስ የሚያሰላው የእገሌን ጥንቃቄ ሳይሆን የሞዴሉን ታሪክ ነው። አረቦን ይጨምራል። አንዳንዴ ጭራሹን ውል አይገኝም። በ2023 መጀመሪያ ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ኢንሹራንሶች፣ ስቴት ፋርምና ፕሮግረሲቭ፣ በአንዳንድ ቦታዎች የተወሰኑ የኪያና የሂዩንዳይ ሞዴሎችን አዲስ ላለመቀበል ወሰኑ። በእንግሊዝም የሬንጅ ሮቨር ባለቤቶች ውል ማግኘት አስቸገራቸው። አምራቹ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ነባር መኪኖችን ለማጠናከርና የራሱን ኢንሹራንስ ለማቅረብ የተገደደው ከዚያ በኋላ ነው።

የኪያ ባለቤት ጫና ከሬንጅ ሮቨር ባለቤት ጫና ጋር አንድ አይደለም። ርካሽ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሙሉ ኢንሹራንስ አይገባም። መኪናው በብድር ከሆነ ደግሞ ሌባው መኪናውን ሲወስድ ዕዳውን አይወስድም። ኢንሹራንስ ቢኖርም የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ ነው። የቀረው ዕዳ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ተጠያቂው ማን ነው በሚለው ላይ ሐሳቦች ይጋጫሉ። አንዱ ወገን ጣቱን ወደ ፋብሪካ ይቀስራል፤ በጥቂት ወጪ ማስቀረት ይቻል ነበር ይላል። ኪያና ሂዩንዳይ በበኩላቸው መኪኖቻቸው የፌዴራሉን ደንብ የሚያሟሉ መሆናቸውንና ስርቆቱን ያባባሰው ማኅበራዊ ሚዲያ መሆኑን ይከራከራሉ። ሌላው ወገን ፖሊስንና ፍርድ ቤትን ይወቅሳል። ሰርቆ የሚያዘው ጥቂት፣ የሚፈረድበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው ይላል።

ሁሉም ውስጥ እውነት አለ። ግን እኩል አይመዝኑም። ቲክቶክ በካናዳም ይታያል። ወጣቱም፣ ገመዱም እዚያ አለ። ዩኤስቢው ግን እዚያ ሞተር አላስነሳም። ቪዲዮው ለወረርሽኙ ፍጥነት ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱን ግን አልፈጠረውም።

መንግሥታት አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ዞረዋል። እንግሊዝ በ2025 ባቀረበችው የሕግ ረቂቅ፣ ኪሌስ መኪና ለመስረቅ የሚውል መሣሪያ መያዝ እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲያስቀጣ አቅዳ ነበር። ካናዳም በ2024 ፍሊፐር ዜሮ የተባለውን አነስተኛ የሬዲዮ መሞከሪያ ልታግድ እንደምትችል ስታሳውቅ ባለሙያዎች አጉረመረሙ። ያ መሣሪያ የሪሌይም ሆነ የካን ስርቆት ለመፈጸም የሚበቃ አይደለም አሉ። በእርግጥም የሚታወቀውን ማገድ የሚሠራውን ከማገድ ይቀላል።

ባለቤቱ እጅ ላይ ያለው

ተፈላጊ መኪና የያዘ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ስልቱን ይለይ። መከላከያው እንደ ስልቱ ይለያያልና።

ሞገድ የማያሳልፍ የቁልፍ ከረጢት ሪሌይን ይከላከላል። መለዋወጫው ቁልፍም ግን አብሮ መግባት አለበት። ብዙ ሰው እሱን መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል። በአንዳንድ መኪኖች ኪሌሱን ከነጭራሹ ማጥፋት ይቻላል። በካን መስመር ለሚመጣ ሌባ ግን ከረጢቱ ምንም አይረዳም። እዚያ የሚጠቅመው ባለሙያ የሚያስገባው ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ድብቅ ማጥፊያ ወይም ተጨማሪ ኢሞቢላይዘር ነው። መከታተያ መኪናው እንዳይሄድ አያግድም፤ መገኘቱን ግን ያፋጥናል። የጂፒኤስ ሞገድ ማፈኛ የሚይዙ ሌቦችም ስላሉ እሱም ዋስትና አይደለም። መኪናው ያለበት ቢታወቅ እንኳ ራስ ሄዶ ለማምጣት መሞከር አደገኛ ነው።

ያ አሮጌ የመሪ መቆለፊያ ብረትስ? በመጋዝ ይቆረጣል። ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ይጮኻል፣ ከሩቅ ይታያል። ለሁሉም ስልት አንድ ዓይነት ምላሽ የሚሰጥ መሆኑም ጥሩ ጎኑ ነው። በሶፍትዌር አይታለልም።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። የሚታይ መቆለፊያ ሌባውን ብዙ ጊዜ ወደ ጎረቤት መኪና ነው የሚመራው። የተደበቀ መከታተያ ግን ተቃራኒ ነው። ማን እንደያዘ ስለማይታወቅ ሌባው ሁሉንም ይጠራጠራል። በ1998 የታተመ አንድ የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ጥናት ሎጃክ የተባለውን ድብቅ መከታተያ መርምሮ፣ ካስገኘው ጠቅላላ ጥቅም ለገዢው የደረሰው ከአሥር በመቶ በታች እንደሆነ አስልቶ ነበር። የቀረው ምንም ላልከፈሉት የከተማው መኪና ባለቤቶች ሁሉ ተሰራጭቷል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሒሳብ ሲያስብ የሚታየውን ይገዛል፤ ለከተማው የሚበጀው ግን የማይታየው ነው።

ቀጥሎ ምን ይጠበቃል?

በአሜሪካ የተሰረቁ መኪኖች በ2023 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2024 ወደ 850 ሺህ ገደማ ወርደዋል፤ 17 በመቶ ቅናሽ ነው። የኮሪያዎቹ ማሻሻያ ድርሻ እንዳለው ይገመታል። ይሁንና በ2024ም ዝርዝሩን የመራው ያው ሂዩንዳይ ኤላንትራ ነው። አንድ ጊዜ የተሸጠ መኪና አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያል። ሶፍትዌሩን ያላስጫነ ባለቤት አለ። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማሻሻያ መኖሩን የማያውቅ ሁለተኛና ሦስተኛ ገዢ አለ።

የካን ችግር ከዚህም ይከብዳል። አዳዲስ ሞዴሎች መልእክቶቻቸውን እየፈረሙ፣ ማለትም ላኪውን እያረጋገጡ መነጋገር ጀምረዋል። ቀድሞ በተሸጠው መኪና ላይ ይህን መጨመር ግን ቀላል አይደለም። ርቀት የሚለካው ቁልፍም መጀመሪያ የመጣው በውድ ሞዴሎች ላይ ነው። ኢሞቢላይዘርም በአሜሪካ እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ መጀመሪያ ለውዱ፣ ለርካሹ ደግሞ ቆይቶ።